ምላጩ ሳይቆም ሰላምታ የለም፦ ከወንድሜ ጋር በባንድሶ የሠራሁባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ነው። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት መጥቶ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ እንደሌለኝ ያወቅሁት ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ። ቅዳሜና እሑድ ስለ ውጤቱ ማንም አላነሣብኝም። ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና፣ «ተነሥ፤ ሽፍን ጫማ አድርግ፤ ዛሬ ማሽን እናወርዳለን» አለኝ። ሥራ መያዜን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ወንድሜ ዲያቆን ምስጋናው ይባላል። ይባል ነበር ማለት ነበረብኝ፤ እጄ ገና አልለመደውም። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝም እሱ ነው።

ቤታችን ላሊበላ ነው፣ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው አቀበት ከሚጀምርበት ሰፈር። ጋሼ ግቢው ውስጥ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ መጠለያ ሠርቶ እንጨት ይሠራበት ነበር። መቋሚያ፣ አትሮንስ፣ የሥዕል ማቀፊያ፣ ለሆቴሎች በርጩማ ይሠራል። እስከዚያ ቀን ድረስ የነበረው መሣሪያ የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮና እንጨት ጠብቆ የሚይዝ አንድ ሞርሳ ነው። ቱሪስት እየበዛ፣ ሆቴልም እየተሠራ ሲሄድ በእጅ መጋዝ ትእዛዝ ማድረስ አልተቻለም። መብራት በመስመር ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ ማሽን ገዛ።

ማሽኑ ባንድሶ ይባላል። ለማያውቀው ሰው፦ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሁለት መንኮራኩሮች አሉት። በሁለቱ ላይ ጥርስ ያለው እንደ ጥብጣብ የቀጠነ ረጅም ምላጭ ይዞራል። ምላጩ በጠረጴዛው መካከል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሠራተኛው እንጨቱን ወደ ምላጩ ይገፋል። ጥምዝ ነገር ለመቁረጥ እንደሱ ያለ የለም። የመቋሚያ ራስ በእጅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በባንድሶ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።

አይሱዙው ከደሴ ተነሥቶ ጋሸና አድሮ ነበር። ረፋድ ላይ ደረሰ። ከማሽኑ ጋር ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ አብረው መጡ። አርጅተው ሱቃቸውን የዘጉ የእንጨት ባለሙያ ናቸው። ሦስት ቀን ተቀምጠው ሊያስተምሩን ከጋሼ ጋር ተነጋግረዋል። ስድስት ሆነን አወረድነው። ጋሽ ሰይድ ማሽኑ መሬት ከነካ በኋላ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጋሼ ፊት መቆም ነው።

«ዲያቆን፣ ና ጣቴን ቁጠር።»

«ለምን ጋሽ ሰይድ?»

«ቁጠር ወላሂ! ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ነው የሠራሁ። ጎደሎ ካገኘህ መልሰህ ጫነው።»

ጋሼ እየሳቀ ቆጠረ። «ሞልቷል» አለ።

«እንግዲያ ስማኝ። ክብ መጋዝ ጮሆ ነው የሚመጣ፤ ሰው ይፈራዋል። ይኼኛው ዝም ብሎ ነው የሚቆርጥ። ሰው ይለምደዋል። እሱን አትፍራ፤ መልመድህን ፍራ።»

እናታችን ደጃፍ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አልሳቀችም። ምክንያቱን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ጋሼ በቁርባን አግብቶ ነበር፤ ቅስና ሊቀበል ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ካህን የሚባርከው በእጁ ነው፤ ሥጋ ወደሙን የሚያቀብለውም በእጁ። አካሉ የጎደለ ሰው ለቅስና አይቀርብም። ይህን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እናታችን «እጅህን ለመሠዊያ ነው ያሳደግሁ፣ ለዚህ ብረት አይደለም» አለችው። ጋሼ «ለሁለቱም ይበቃል እማዬ» አላት።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ሰይድ ማሽኑን እንድናበራ አልፈቀዱም። የላይኛውን መንኮራኩር በእጃችን እያዞርን ምላጩ መሐሉን ይዞ መሄዱን ማየት ብቻ። የምላጩን መላላት ለማወቅ እንደ ክራር ጅማት በጣት ተነክቶ ድምፁ ይሰማል። የላላው ያንጎራጉራል፤ የተወጠረው ጥርት ብሎ ይጮኻል። በሁለተኛው ቀን ምላጩን እኔ እንድገጥም ታዘዝሁና ጥርሱን ወደ ላይ አድርጌ ገጠምሁት። ጋሽ ሰይድ ዐይተው፣ «ይኼ ልጅ እንጨቱን ወደ ሰማይ ሊልከው ነው» አሉ። ጥርስ ቁልቁል ያያል። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትሁም።

ከምላጩ በላይ የሚወርድና የሚወጣ የብረት መከለያ አለ። ምላጩን ደግፎ ይይዛል፤ እጅንም ይጠብቃል። ከእንጨቱ በላይ በጣት ውፍረት ያህል ብቻ ከፍ ማለት አለበት። ጋሼ ይህን ሲሰማ ጣቱን አስገብቶ ሊለካ እጁን ሰደደ። ጋሽ ሰይድ እጁን በመዳፋቸው መቱት። «ኧረ ያ ረቢ! በጣትህ አትለካ! በእንጨት ለካ!» ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። ቢሆንም መቱት። ልክ ነበሩ፤ እጅ ማሽኑ ጠፍቶ የለመደውን ማሽኑ በርቶም ይደግመዋል።

ስለ ልብስም አስተማሩን። የላሊበላ ጠዋት ብርድ ነው፤ ሰው ጋቢውን አይጥልም። ዲያቆን ደግሞ ያለ ነጠላ እንደተራቆተ ነው የሚቆጥረው። ጋሽ ሰይድ ሁለቱንም ከልክለው በሩ ላይ ሚስማር መቱ፤ ጋቢም ነጠላም እዚያ ይሰቀላል። የአንገታችንን ማዕተብ ሲያዩ ወደ ጋሼ ዞሩ። «አውልቅ አልልህም፤ ሃይማኖትህ ነው። ግን ከሸሚዝህ ውስጥ ይግባ፤ ቁልፉም እስከ ላይ ይቆለፍ» አሉት። ጋሼ በዚህ ደስ አለው። ኋላም ብዙ ጊዜ ያነሣው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን አስተማሩን። ማሽኑን አብርተው አንድ ጉማጅ ቆረጡና ማጥፊያውን ተጫኑ። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። «አሁን ቆሟል?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። አንዲት ቀጭን ቅርፊት አንሥተው ወደ ምላጩ አስጠጉ። ለሁለት ተከፈለች። ምላጩ ያለ ድምፅ እየዞረ ነበር። «ማጥፋት ማቆም አይደለም» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም።

ጋሼ ይህን በራሱ መንገድ ለካው። ማጥፊያውን ከተጫነ በኋላ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይቸኩል አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ምላጩ ይቆማል። ሰዓት አላስፈለገንም። ማጥፊያውን እንጫናለን፣ እጃችንን ደረታችን ላይ እናደርጋለን፣ እንደግማለን። እንጨት የምናነሣው፣ ሰጋቱራ የምንጠርገው፣ ሰው የምናናግረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ሰይድ ከሄዱ በኋላ የራሳችንን ስሕተት መሥራት ጀመርን። የመጀመሪያው በመብራት መጥፋት መጣ። አንድ ቀን እየሠራን መብራት ሄደ። በዚያ ዘመን በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ወጥተን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ማጥፊያውን ማናችንም አልነካነውም፤ ማሽኑ ቆሟል፣ ምን ይጠፋል ብለን። የጎረቤታችን የወይዘሮ ጥሩዬ ዶሮ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ሰጋቱራ ትጭር ጀመር። መብራት ተመለሰ። ማሽኑ ብቻውን ተነሣ። ዶሮዋ ጅራቷን ጥላ በመስኮት ወጣች።

ወይዘሮ ጥሩዬ ላባውን በእጇ ይዛ መጣች። «ዲያቆን፣ በጾም ዶሮ ልታርድ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ጋሼ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማጥፊያው ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ሄደ» የሚባለው። ዶሮዋ ጅራት አውጥታ ኖረች። ሰፈሩ ግን «የዲያቆን ዶሮ» እያለ ሲጠራት ከረመ።

ሁለተኛው ስሕተት የእኔ ነው። የገነተ ማርያም ካህናት መቋሚያ አዝዘውን ነበር። ለመቋሚያው ራስ የሚሆነው ወይራ ድብልብል ጉማጅ ነው። እኔ ድብልብሉን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ገፋሁት። ምላጩ ነከሰውና አሽከረከረው። እንጨቱ ከእጄ ወጥቶ ግድግዳውን መታ፤ ምላጩም ጧ ብሎ ተበጠሰ። ጋሼ መጥቶ መጀመሪያ እጆቼን ገልብጦ አየ። ቀጥሎ የተበጠሰውን አየ። «አልጋ ሥራለት» አለ። በሁለት ሳንቃ መሐል ጎድጎድ ያለ ማቀፊያ ሠራሁ፤ ድብልብል እንጨት ሁሉ እዚያ ተኝቶ ይቆረጣል። አይሽከረከርም።

ሰላምታ ግን ትልቁ ችግራችን ሆነ። በላስታ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው። ካህን ሲገባ ደግሞ ባርኔጣ ይወልቃል፣ ጎንበስ ተብሎ መስቀል ይሳለማል። ይህን አስበህ አታደርገውም፤ ሰውነትህ ራሱ ይነሣል። የነፍስ አባታችን ቄስ መንግሥቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወርክሾፑ ሲመጡ እየቆረጥን ነበር። በሩ ላይ መስቀላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጋሼ ቀና አላለም። ቁርጡን ጨረሰ፣ ማጥፊያውን ተጫነ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጸሎቱን ደገመ። ከዚያ ሄዶ ተሳለመ።

ቄስ መንግሥቴ ተቀይመዋል። «መስቀል ለማሽን ተራ ይጠብቃል እንዴ፣ ዲያቆን?»

«ይፍቱኝ አባ። ማሽኑ አልተጠመቀም፤ ካህን አያውቅም።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እንግዲያ እኔው ላውቀው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጋሼ ጸሎቱን ሲያነበንብ እሳቸውም አብረው ያነበንባሉ። ጋሼ በከሰል የበሩ መቃን ላይ «ምላጩ ሳይቆም ሰላምታ የለም» ብሎ ጻፈ። ማንበብ የማይችሉት ሰዎች እንኳ በጊዜ ብዛት ዐወቁት።

ከወረዳ የመጣ ባለሙያም ነበር። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ስለነበር ጋሼን «ሞዴል አንቀሳቃሽ» ሊለው ፈለገ፤ ለዚያ ፎቶ ያስፈልጋል። ማሽኑ እየሠራ፣ ጋሼ እንጨት እየገፋ፣ ወደ ካሜራው እያየ ፈገግ እንዲል ጠየቀ።

«ካሜራውን ካየሁ እንጨቱን አላይም» አለ ጋሼ። «እንጨቱን ካየሁ ካሜራውን አላይም። አንዱን ምረጥ።»

«ለሪፖርት ነው እኮ ዲያቆን። አንዴ ብቻ!»

«ጣትም የሚሄደው አንዴ ብቻ ነው።»

ፎቶው ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። እዚያ ላይ ጋሼ የቆመ ምላጭ አጠገብ ቆሞ በጣም ይስቃል። ያለኝ የእሱ ፎቶ ይህ ብቻ ነው።

እንዲህ ሦስት ዓመት ሠራን። እጃችን አልተቧጨረም ማለት አይደለም፤ መላጊያም መሮም ይቧጭራል። ከባንድሶው ጠረጴዛ ላይ ግን ደም አልጠረግንም። በሦስተኛው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ ጳጳሱ ከፋሲካ በኋላ እንደሚመጡና ጋሼም ቅስና ከሚቀበሉት አንዱ እንደሆነ ተነገረው። እናታችን ማሽኑን እስከዚያ እንዲተወው ለመነችው። እሱ ግን የቤተ ልሔም በር ለመሥራት ለደብሩ ቃል ገብቶ ነበር። «በሩን ላድርስና እተዋለሁ» አላት።

ለበሩ የተገዛው የዋንዛ ሳንቃ ረጅምና ወፍራም ነው። እንዲህ ያለው እንጨት በባንድሶ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጋሼ ከፊት ሆኖ ይገፋል፤ እኔ ከማሽኑ ኋላ ሆኜ የሚወጣውን ጫፍ ይዤ እደግፋለሁ። በእኔ ቦታ ሳንቃውን የሚደግፍ የእንጨት እግር ቢቆም ይሻል ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ስላለሁ ግን ሳይሠራ ቀረ።

ከሆሳዕና በፊት ያለው ዓርብ ነበር። አምስተኛውን ሳንቃ ይዘናል፤ ከግማሽ በላይ ወጥቶ ክብደቱ ወደ እኔ ዞሯል። የጋሼ ጀርባ ወደ በሩ ነው፤ የእኔ ፊት ወደ በሩ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ገቡ። ከአሸተን ማርያም የወረዱ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ወደ እኛ መጥተው አያውቁም። የበሩን መቃን አላነበቡም። ምንም ሳይናገሩ መስቀላቸውን ከልብሳቸው አውጥተው ዘረጉና ቆሙ።

በአንድ እጄ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ሌላውን እጄን መቼ እንዳነሣሁ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ነበር።

የሳንቃው ጫፍ በእኔ በኩል ወረደ። በጋሼ በኩል ተነሣ። ጋሼ ሊጫነው ቀኝ እጁን ወደ ፊት ሰደደ። ድምፅ አልነበረውም። እሱም አልጮኸም። ግራ እጁን ሰድዶ ማጥፊያውን ተጫነ። ከዚያ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከሥሩ ተቆርጦ ነበር።

መነኩሴው ነጠላቸውን ቀድደው አሰሩለት። እጃቸው ከእኔ እጅ ይልቅ ጸንቶ ነበር። «ምን ሆነ ልጄ? ምን ሆነ?» ይሉኛል። ባጃጅ ጠርተን ወደ ሐኪም ወሰድነው። ደሙ ቆመ። ጣቱ አልዳነም።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ሊጠይቅ መጣ፤ እንዴት እንደሆነም ጠየቀ። ጋሼ ለሚስቱም ለሁሉም ያለው አንድ ነገር ነው። «እንጨቱ ከበደኝ።» እናታችንም ጠየቀችው። «እንጨቱ ከበደኝ እማዬ።» እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አፌን አልከፈትሁም።

አንድ ሳምንት ብቻ ቢዘገይ ኖሮ ሕማማት ይሆን ነበር። በሕማማት ሰላምታ የለም፤ መስቀል አይሳለምም። መነኩሴው ቢመጡም መስቀል አይዘረጉም ነበር። ይህን ሳምንቱን ሙሉ አስቤዋለሁ። አሁንም አስበዋለሁ፤ ጥቅም ግን የለውም።

ቄስ መንግሥቴ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መጡ። ጋሼ ተነሥቶ በግራ እጁ ተደግፎ ተሳለመ። ቄሱ ሲቀመጡ እንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ የእኔ ቢሆን አሳልፍህ ነበር። ደንቡ የእኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ አባ።»

«ዲቁናህ ይቀራል ማለት አይደለም። ማኅሌቱም አለ። ድምፅህን ማን ይወስደዋል?»

«አውቃለሁ አባ። ይፍቱኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ቅስና በቤታችን አልተነሣም። ጳጳሱ መጡ፣ ሌሎቹ ተሾሙ፣ ጋሼ ከማኅሌታውያኑ ጋር ቆሞ ዘመረ። መቋሚያውን በግራ እጁ መያዝ ለመደ።

ጋሼ ወደ ሥራ የተመለሰው በሁለት ወሩ ነው። ጠዋት ቀድሞኝ ገብቶ አገኘሁት። ማሽኑ ጠፍቷል። የቀረውን የዋንዛ ሳንቃ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በአራት ጣት እንዴት እንደሚገፋ ይሞክር ነበር። ከበርጩማ እግር ትራፊ ለመዳፉ የሚስማማ መግፊያ ሠራ፤ መያዣው እንደ መላጊያ መያዣ ነው። እኔ በዚያ ቀን ለሳንቃው የእንጨት እግር ሠራሁ። ስለ እግሩ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። «ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን» ብቻ አለኝ። ዝቅ አደረግሁት። በሩን ጨርሰን ለደብሩ አስረከብን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርተናል። ለሁለት ሆቴሎች ወንበር፣ ለትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ፣ መቋሚያማ ስንቱን። ቀስ በቀስ መግፋቱ ወደ እኔ ዞረ፤ እሱ መሥመር ያሰምራል፣ ይለካል፣ ምላጭ ይወጥራል። ሲያስተምረኝ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጠባብ ጥምዝ ከመግባትህ በፊት ከጎን አጫጭር ቁርጦች አውጣለት ይለኛል፤ ምላጩ እንዳይጣመም። ቁርጥ መሐል ላይ ከቆምህ ማሽኑን ሳታጠፋ እንጨቱን ወደ ኋላ አትሳብ ይለኛል፤ ምላጩ ከመንኮራኩሩ ይወጣል። ያንን ዓርብ ግን ለምሳሌ እንኳ አንሥቶት አያውቅም። ባነሣው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ኩላሊቱን ታመመ። ደሴ ሄደን ተመለስን። ጸበልም ገባ። ሲደክም ከወርክሾፑ ትይዩ ባለው ክፍል ይተኛ ጀመር፤ የማሽኑን ድምፅ መስማት ስለፈለገ ነው። ከአልጋው ሆኖ፣ «ምላጩ ላልቷል» ብሎ ይልክብኛል። ሄጄ ስነካው ላልቶ አገኘዋለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አቁሜ ሰጋቱራዬን አራግፌ ገባሁና እግሩ ሥር ተቀመጥሁ።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ያን ጊዜ እንጨቱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ ዐወቅህ?»

«ያን ጊዜውኑ። እንጨት እኮ ለብቻው አይከብድም።»

«ለምን ለእማዬ አልነገርኻትም?» አልሁት።

«ምን ልበላት? ታናሼ መስቀል ሊሳለም ሲል ጣቴን አስቆረጠኝ ልበል? አንተን ጎንበስ ማለት ያስተማርሁህ እኔ ነኝ።»

«መናገር ነበረብኝ ጋሼ።»

«አዎ፤ ነበረብህ» አለ። ትንሽ አረፈ። ትንፋሽ ያጥረው ነበር። «ያኔ ነበር መናገር ያለብህ፤ ከመልቀቅህ በፊት። ለቀቅሁ ብትለኝ እጄን አነሣ ነበር። እንጨቱ ይውደቅ። እንጨት ሞልቷል። ሕጉን ሁሉ ስናወጣ ለማሽኑ አወጣን፣ ለልብስ አወጣን፣ ለካህን አወጣን። ለሁለታችን አላወጣንም። ጥፋቱ የዚያ ነው።»

«የእኔም ነው።»

«የአንተም ነው» አለ። «አሁን ውኃ ስጠኝ።»

ውኃ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም፤ ጊዜም አልነበረም። በዚያው ወር ዐረፈ። የሣጥኑን እንጨት የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ጥድ ነው። ቀጥታ ቁርጥ ስለሆነ ሥራው አልከበደም። ቄስ መንግሥቴ በሩ ላይ ቆመው ምላጩ እስኪቆም ጠበቁኝ።

አሁን በማሽኑ የምሠራው እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ ጎልማሳ ሰው አለ፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ በአናጢነትም ይበልጠኛል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ስለ ምላጩም ስለ መከለያውም ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር አስማማሁት። አልወደደውም። «እንደ ልጅ ጨዋታ ነው» አለኝ። ቢሆንም ያደርገዋል።

ሕጉ ይህ ነው። በአንድ እንጨት ላይ ሁለት ሰው ከያዘ፣ ሊያነሣ የፈለገ ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት «ለቀቅሁ» ይላል። ሌላው «ያዝሁ» እስኪል ድረስ አያነሣም። መነኩሴ ቢገባ፣ ጳጳስ ቢገባ፣ የወለደችው እናቱ ብትገባ ያው ነው። በቤታችሁ ማሽን አቁማችሁ የምትሠሩ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ማሽኑን ከሸጠላችሁ ሰው ትማሩታላችሁ። ይህን ግን ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት እርስ በርሳችሁ ተስማሙ።